ከወታደር ትከሻ ወደ አዳኝ ትከሻ፦ የአሮጌ ጠመንጃ ሁለተኛ ዕድሜ



የዛሬው ንግግሬ ስለ ጠመንጃ ነው፤ ስለ ጦርነት ግን አይደለም። ስለ ዐድዋ፣ ስለ ማይጨው፣ ስለ አምስቱ ዓመት አርበኝነት ብዙ ተጽፏል፤ ገናም ይጻፋል። እኔ የምጠይቀው ከጦርነቱ ማግስት ጀምሮ ያለውን ነው። አንድ ጠመንጃ በጦር ሜዳ የሚቆየው ለቀናት ወይም ለወራት፣ ቢበዛ ለጥቂት ዓመታት ነው። ከዚያ በኋላ ሃምሳ፣ ሰማንያ፣ አንዳንድ ጊዜም መቶ ዓመት በሰው ቤት ይኖራል። በዚያ ረጅም ዕድሜው አፈሙዙ ይቆረጣል፤ ሰደፉ ይለወጣል፤ የተሰነጠቀው በጠፈር ይታሰራል፤ ወታደር ሊሸከመው የተሠራው ብረት አዳኝ በዱር ይዞት የሚሮጠው ቀላል መሣሪያ ይሆናል። ይህን ሁለተኛ ዕድሜ የታሪክ ጽሑፋችን ብዙም አልተመለከተውም።

የማቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። የጦር ጠመንጃን ለአደን ያደሰው ባለሙያ በብረቱና በእንጨቱ ላይ የተወው ምልክት ሰነድ ነው። ስለ ተራው አዳኝና ስለ ቀጥቃጩ በወረቀት የተጻፈ ነገር እጅግ ጥቂት ስለሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ ያለን ሰነድ እርሱ ብቻ ነው። ያም ሰነድ ዛሬ ከአገር እየወጣ፣ በወጣበትም አገር በአሸዋ ወረቀት እየታሸ ነው።

ከቅርባችን እንጀምር። ከሽሮ ሜዳ የሽማኔ ገበያ ተነሥቶ ዳገቱን የወጣ ሰው እንጦጦ ማርያምንና ከአጠገቧ ያለውን የምኒልክን ቤተ መንግሥት ያገኛል። በ1879 ዓ.ም. ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ፣ ግጥም መጻፉን ከተወ ብዙ ዓመት ሆኖት፣ ከታጁራ ባሕር ዳርቻ የተነሣ የጠመንጃ ቅፍለት እየመራ ሸዋ ገባ። ከሁለት ሺህ በላይ ጠመንጃ ይዞ ነበር። ምኒልክ ሐረርን ይዘው ሲመለሱ እንጦጦ ላይ ገዙት፤ የሟቹ ሸሪኩ የላባቱ ዕዳ ተቀናነሰበት፤ ቀሪውንም ሐረር ላይ ከደጃዝማች መኰንን እንዲቀበል የሐዋላ ወረቀት ተሰጠው። ራምቦ አስቀድሞ በ1885 እ.ኤ.አ. ለቤተ ሰቡ በጻፈው ደብዳቤ ስለ ሸቀጡ በግልጽ ተናግሯል፤ ጠመንጃዎቹ ከሥራ ከወጡ አርባ ዓመት የሆናቸው፣ በሊዬዥና በፈረንሳይ የአሮጌ መሣሪያ ነጋዴዎች ዘንድ ሰባትና ስምንት ፍራንክ የሚያወጡ፣ ለሸዋ ንጉሥ ግን በአርባ ፍራንክ ገደማ የሚሸጡ ናቸው።

በዚህ የዋጋ ልዩነት የሚናደድ ተማሪ አይጠፋም፤ እኔም በወጣትነቴ ተናድጄበታለሁ። ነገር ግን ከዋጋው ጀርባ ያለውን ማየት ይሻላል። ከ1860ዎቹ እስከ 1890ዎቹ እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ የአውሮፓ ጦር ሠራዊቶች በአፈሙዝ ከሚጎርስ ጠመንጃ በኋላው ወደሚጎርስ፣ ከባለ አንድ ጥይት ወደ ባለ ካዝና፣ ከጥቁር ባሩድ ወደ ጭስ አልባ ባሩድ ተሻገሩ። በእያንዳንዱ መሻገሪያ በመቶ ሺህ የሚቆጠር መሣሪያ በአንድ ጊዜ «አሮጌ» ሆነ። መንግሥታቱ ራሳቸው መጀመሪያ ያደረጉት መጣል ሳይሆን ማደስ ነበር። እኛ ሰናድር የምንለውን ስናይደርን ተመልከቱ፤ እንግሊዞች በ1866 እ.ኤ.አ. የኤንፊልድን ጠመንጃ የኋላ ክፍል ቆርጠው የሚከፈት ማጉረሻ በመግጠም ያበጁት ነው። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ የተተኮሰው የእንግሊዝ ጠመንጃ እንግዲህ የታደሰ አሮጌ ነበር። የጣሊያኑ ቬተርሊም እንዲሁ ነው። በ1870 እ.ኤ.አ. በአንድ ጥይት ተጀመረ፤ በ1887 አራት ጥይት የሚይዝ ካዝና ተገጠመለት፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ደግሞ ሰፊው በርሜል ውስጥ ቀጭን ቱቦ ተሰክቶበት 6.5 ሚሊ ሜትር ጥይት እንዲተኩስ ተደረገ። ይህ የመጨረሻው እድሳት ለጥቁር ባሩድ በተሠራ መዝጊያ ላይ የጭስ አልባ ባሩድን ግፊት የሚጭን ስለሆነ እስከ ዛሬ አዋቂዎች እንዳይተኮስ ያስጠነቅቁበታል።

ከዚህ ሁሉ ተራፊ ብረት ውስጥ ወደ እኛ የመጣው ስሙን ይዞ መጣ፤ አፋችንም እንደሚመቸው አደረገው። የፈረንሳዩ ፉዚ ግራ ውጅግራ፣ ለቤል ለበን፣ ማንሊኸር ምንሽር፣ የቤልጅጉ ሥሪት ቤልጅግ ተባለ። ጠመንጃን በስሙ የሚጠራ ሕዝብ ጠመንጃን ከቅርብ ያውቀዋል። እነዚህ ስሞች በፉከራና በቀረርቶ ገብተው ኖረዋል፤ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ ምን እንደሠሩም ለዚህ ጉባኤ መንገር አያሻኝም።

አሁን ወደ ጫካው እንግባ።

የግራ ጠመንጃ፣ የ1874 እ.ኤ.አ. ሞዴል፣ ርዝመቱ 1.305 ሜትር፣ ክብደቱ 4.2 ኪሎ ግራም ያህል ነው። ሳንጃ ሲሰካበት ከ1.80 ሜትር ያልፋል። ይህ ርዝመት ምክንያት አለው፤ እግረኛ ወታደር በሰልፍ ቆሞ ፈረሰኛን በሳንጃ እንዲመክት፣ ከኋላው የቆመው ጓደኛውም የፊተኛውን ጆሮ ሳያቃጥል እንዲተኩስ ነው። ማነጣጠሪያው ከሺህ ሜትር በላይ እንዲመታ ተመልክቷል። ለአዳኝ ከእነዚህ አንዱም አይጠቅመውም።

በእንጦጦና በመናገሻ ደኖች የሚታደነው የምኒልክ ድኩላ የሚባለው ነው፤ ወንዱ ወደ ጥቁር የሚያደላ፣ በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ የሚገኝ የድኩላ ዘር። ብቻውን ይሄዳል፤ ቀን በቁጥቋጦ ይደበቃል፤ ሲነጋጋና ሲመሽ ይወጣል፤ ሲደነግጥ እንደ ውሻ ይጮኻል። አዳኙ የሚያገኘው በሠላሳና በሃምሳ ርምጃ ርቀት፣ ለዓይን ጥቅሻ ያህል ነው። በጥድና በወይራ ቅርንጫፍ መካከል አንድ ሜትር ከሠላሳ የሚሆን ብረት ይዞ መዞር የሚችል ሰው የለም። ስለዚህ መሣሪያው ማጠርና መቅለል ነበረበት።

እዚህ ላይ ስለ ቃሉ አንድ ነገር ልበል። የውጭ መጻሕፍትን የሚተረጉሙ ሰዎች የሰሜኑን ዓለም ባለ ቅርንጫፍ ቀንድ እንስሳ «አጋዘን» ይሉታል። ያ እንስሳ ቀንዱን በየዓመቱ የሚጥልና የሚያበቅል ነው፤ የእኛ አጋዘን፣ የባሌውና የአርሲው የደጋ አጋዘንም ጭምር፣ አንድ ጊዜ ያበቀለውን ቀንድ እስከ ሞቱ ይዞት ይኖራል። ዘራቸው የተለያየ ነው። ለአዳኙ ግን ጥያቄው አንድ ነው፤ በደን የሚሸሸግ፣ ሰኮናው የተሰነጠቀና የሚያመሰኳ፣ ሥጋው የሚበላ እንስሳ በቀላል ጠመንጃ እንዴት ይታደናል?

የአደን ታሪካችን የዝሆን፣ የአንበሳና የጎሽ ታሪክ ነው። ገዳይ የተባለው እነዚህን የጣለ ነው፤ ሹመትም ስምም ያገኘበታል። ለድኩላ የሚፎክር የለም። ድኩላ የሚያድነው ለቤቱ ሥጋ የሚፈልግ፣ ወይም ማሳውን የሚጠብቅ ገበሬ ነው። ለዚህ ነው የታደሰው ቀላል ጠመንጃ በግጥም ያልገባው፤ በቤተ መንግሥት ዜና መዋዕልም የማናገኘው።

እንግዲህ ዕቃውን ራሱን መጠየቅ ግድ ይሆናል። ሽሮ ሜዳ የሚኖሩ አንድ የሰማንያ ዓመት አዛውንት፣ ስማቸው እንዳይጠቀስ ፈልገዋል፣ ከአያታቸው የወረሱትን የጠመንጃ እንጨት እንዳጠናው ፈቅደውልኛል። ብረቱ የለም። በ1969 ዓ.ም. የአሰሳ ጊዜ ተሰጥቷል። እንጨቱ ለምን እንደቀረ ስጠይቃቸው፣ «ልጄ፣ ብረቱን ጠየቁን፣ ሰጠን፤ እንጨቱን የጠየቀን የለም» አሉኝ።

እንጨቱ የፈረንሳይ ለውዝ አይደለም፤ ዋንዛ ነው። ክብደቱ 610 ግራም ብቻ ነው። ለብረቱ የተፈለፈለው ቦታ ካዝና የሌለው፣ ባለ አንድ ጥይት መዝጊያ የነበረበት መሆኑን ያሳያል፤ መጠኑም ከግራ ጠመንጃ ጋር ይስማማል። በወታደሩ ጠመንጃ ላይ እንጨቱ አፈሙዙ አጠገብ ድረስ ይሄድ ነበር፤ እዚህ ግን ከመዝጊያው ወደ ፊት 30 ሴንቲ ሜትር ሄዶ ያበቃል፤ የአንድ ቀለበት ምልክት ብቻ አለበት። የበርሜሉን ርዝመት ከእንጨቱ ማወቅ አይቻልም። አዛውንቱ ግን አያታቸው ጠመንጃውን መሬት አቁመው ሲደገፉት እምብርታቸው ላይ ይደርስ እንደነበር በእጃቸው አሳይተውኛል። ምልክት እንጂ ልኬት አይደለም፤ ሆኖም አንድ ሜትር አካባቢ ብንለው ከእውነቱ ብዙ አንርቅም። ይህ ማለት ከበርሜሉ ሠላሳ ሴንቲ ሜትር ያህል ተቆርጧል። በእኔ ግምት ከብረቱ ከ300 ግራም በላይ፣ ከእንጨቱና ከቀለበቶቹ ደግሞ ከዚያ የሚበልጥ ክብደት ወርዷል፤ 4.2 ኪሎ የነበረው ከሦስት ኪሎ ተኩል ብዙ አይበልጥም ነበር።

ተማሪዎቼ ይህን ስሰላላቸው «ታዲያ ምን አለበት፣ መቁረጥ ነው» ይላሉ። መቁረጥ ብቻ አይደለም። አረሩ ከበርሜሉ የሚወጣበት የመጨረሻው ጠርዝ ወደ አንድ ጎን ጥቂት ካዘነበለ ወይም ጭረት ካለበት፣ ከኋላው የሚገፋው ጋዝ በአንድ በኩል ቀድሞ ያመልጥና አረሩን ያዛንፈዋል። ስለዚህ ቀጥቃጩ ጠርዙን በሞረድ አስተካክሎ ማለስለስ ነበረበት። የፊቱ ማነጣጠሪያ ከተቆረጠው ብረት ጋር ስለሚሄድ አዲስ አበጅቶ፣ በተኩስ እየፈተነ፣ በትክክለኛው ቦታ መትከል ነበረበት። የጥይቱ ፍጥነት ይቀንሳል፤ ነገር ግን 25 ግራም የሚመዝን እርሳስ በአርባ ርምጃ ርቀት ላይ ለድኩላ ከበቂ በላይ ነው። አዳኙ የማያስፈልገውን ኃይል ሰጥቶ የሚያስፈልገውን ቅለት ገዛ።

ቅለቱም ዋጋ አለው። ጠመንጃ በቀለለ ቁጥር ትከሻን የሚመታው ግፊት ይበረታል፤ ያው ግፊት እንጨቱን ይፈትነዋል። ዋንዛ ከለውዝ እንጨት ይቀላል፤ ይለሰልሳልም። እጅ በሚጨብጠው ቀጭን ቦታ፣ በሰደፉ አንገት ላይ፣ ይሰነጠቃል። የሽሮ ሜዳው እንጨት እዚያው ቦታ ላይ ተሰንጥቋል፤ በጠፈርም ተጠቅልሏል። ጠፈሩ ርጥብ ሆኖ ተጠምጥሞ ሲደርቅ ይኮማተርና ስንጥቁን ከብረት ቀለበት ባላነሰ ኃይል ይይዘዋል። ይህን ጥቅልል በብዙ አሮጌ የኢትዮጵያ ጠመንጃ ላይ ታዩታላችሁ። ጎብኚዎች ጌጥ ይመስላቸዋል። የማቅለል ሥራው ያስከተለው ጥገና ነው።

ሰደፉ ግርጌ ላይ ደግሞ የመኪና ጎማ ቁራጭ በአራት ብሎን ተመትቷል። ከብሎኖቹ ሥር የቆዩ የምስማር ቀዳዳዎች አሉ። ስለዚህ ጎማው ከመምጣቱ በፊት ሌላ ነገር፣ ምናልባት ቆዳ፣ በምስማር ተመትቶ ነበር። ሁለት እጅ፣ ሁለት ዘመን። የመጀመሪያው ባለሙያ ጎማ በማይገኝበት ጊዜ ሠራ፤ ሁለተኛው የመኪና ጎማ ተቀዳዶ ለጫማ በሚውልበት ጊዜ አደሰው። አንድ እንጨት ያን ያህል ሊነግረን ከቻለ በየቤቱ ያለው ሁሉ ቢጠና ምን ይነግረን ነበር?

የማይነግረን የባለሙያውን ስም ነው። አዛውንቱ የአያታቸውን ስም፣ የውሻውን ስም፣ ድኩላው የወደቀበትን ገደል ሳይቀር ያስታውሳሉ። ጠመንጃውን የቆረጠውን ሰው ግን «አንድ ቀጥቃጭ» ከማለት በቀር አያውቁትም። ይህ የአዛውንቱ የመርሳት ጉዳይ አይደለም። ቀጥቃጩ ጠይብ፣ ቡዳ እየተባለ የሚናቅበት፣ እጁ የሚፈለግበት ስሙ ግን የማይጠራበት ኅብረተሰብ ነበር። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ ማውጣታቸው ችግሩ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደነበር ይመሰክራል። የሽሮ ሜዳ ሽማኔዎችም፣ ብዙዎቹ ከጋሞ የመጡ፣ ያንኑ ንቀት ቀምሰዋል። ልዩነቱ የሽማኔው ጥበብ ዛሬ በበዓል ቀን አገር ሁሉ የሚለብሰው ክብር ሆኖለታል፤ የጠመንጃ አበጂው ጥበብ ግን ያለ ስም ቀርቷል።

ስለ ጥይቱ ጥቂት ልጨምር፤ የጠመንጃው ዕድሜ የሚወሰነው በእርሱ ነውና። ጥይት በአገራችን ከአሞሌና ከማርያ ቴሬዛ ብር ጎን ለጎን እንደ ገንዘብ አገልግሏል። ገንዘብ የሆነ ነገር በከንቱ አይተኮስም። ለድኩላ ሁለት ጊዜ የሚተኩስ አዳኝ አባካኝ ነው። ባዶው ቀለህ ይለቀማል፤ ባሩድና እርሳስ ሞልቶ ዳግመኛ መተኮስ ይቻላል። የጥቁር ባሩድ ዝቃጭ እርጥበት ስቦ በርሜሉን ያዝጋል፤ በሙቅ ውኃ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ቅባት ካልነካው በጥቂት ቀን ውስጡ ይበላል። አንድ ውጅግራ ስልሳ ዓመት አገልግሎ ከሆነ፣ በየተኩሱ ማግስት ያጠበው ሰው ነበር ማለት ነው፤ ያም አብዛኛውን ጊዜ የቤቱ ልጅ ነው። በመጨረሻ ውጅግራን ከሥራ ያወጣው ማርጀቱ ሳይሆን 11 ሚሊ ሜትሩ ጥይት ከገበያ መጥፋቱ ነው ብዬ አምናለሁ።

ቦታውን የወሰደው በጠላት እጅ የመጣ ነው። የጣሊያኑ ካርካኖ፣ ሕዝባችን ምንሽር ከሚላቸው አንዱ፣ በ1891 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ረጅሙ 1.28 ሜትር ያህል ቢሆንም፣ የፈረሰኛው አጭር ሥሪት 92 ሴንቲ ሜትርና ሦስት ኪሎ ገደማ ነበር። ጥይቱ ቀጭን፣ ግፊቱ ለስላሳ፣ ባሩዱ ጭስ አልባ። ቀጥቃጮቻችን ከግራ ላይ በሞረድና በመጋዝ ያወጡትን መጠን ይህ ከፋብሪካው ይዞት መጣ። ከ1933 ዓ.ም. ነፃነት በኋላ በየአርበኛው ቤት የቀረው ምርኮ ለአደን ብዙ መታደስ አያስፈልገውም ነበር። ቀጥሎም የእንግሊዙ ሊ ኤንፊልድ መጣ፤ ከ1953 እ.ኤ.አ. የመከላከያ ስምምነት በኋላም ሁለት ኪሎ ተኩል የማይሞላው የአሜሪካ ኤም 1 ካርባይን።

ሕጉም ጎን ለጎን ይሄድ ነበር። የመጀመሪያው የአደን ደንብ በምኒልክ ዘመን በ1909 እ.ኤ.አ. ወጣ፤ በ1944 እ.ኤ.አ. የአራዊት ጥበቃ አዋጅ ተከተለ። ከዚያም ስለ ዱር እንስሳት አዋጅ ቁጥር 541/1999፣ ስለ ጦር መሣሪያ አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ወጡ። በእንጦጦ ድኩላ ማደን ወንጀል ነው፤ ደግሞም ሊሆን ይገባዋል።

አሁን ባሕር እንሻገር። የካርካኖ ዕጣ በአሜሪካም ይታያል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የአውሮፓ ተራፊ ጠመንጃ በገፍ ወደ አሜሪካ ሄደ፤ በፖስታ እየታዘዘ በርካሽ ተሸጠ፤ አጋዘን አዳኞችም እንጨቱን እየቆረጡ፣ የመዝጊያውን እጀታ እያጎበጡ፣ ላዩን እየበሱ መነጽር እየተከሉበት አቀለሉት። በ1963 እ.ኤ.አ. ዳላስ ላይ ፕሬዚዳንት ኬኔዲ የተገደሉበት ጠመንጃ መነጽር ተተክሎበት በ19.95 ዶላር በፖስታ የተሸጠ አጭር ካርካኖ ነበር። በ1968 የወጣው ሕግ የፖስታ ሽያጩንና የተራፊ የጦር መሣሪያን ማስገባት አገደ፤ በ1980ዎቹ ለሰብሳቢዎች የሚሆኑ አሮጌ መሣሪያዎች እንዲገቡ በሩ እንደገና ተከፈተ። ከ1899 እ.ኤ.አ. በፊት የተሠራ ደግሞ በዚያ አገር የፌዴራል ሕግ እንደ ቅርስ ይቆጠራል።

በዚህ በር የእኛም ወጣ። ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ ባሉት ዓመታት ሮያል ታይገር ኢምፖርትስ የተባለ የአሜሪካ አስመጪ ከኢትዮጵያ የመጡ ግራዎችን፣ ቬተርሊዎችን፣ ካርካኖዎችን፣ መውዜሮችን፣ ኤንፊልዶችንና ካርባይኖችን ለሽያጭ ማቅረቡ በሰብሳቢዎች ዘንድ የታወቀ ነው። በአንዳንዶቹ መውዜሮች ላይ የይሁዳ አንበሳ ማኅተም ይታያል። ከመቶ ሠላሳ ዓመት በፊት ከሊዬዥ በግመል የመጣው ዓይነት ሸቀጥ በመርከብ ተመለሰ ማለት ነው።

ገዢው ምን ያደርገዋል? የተጠራቀመውን ቅባትና ጥላሸት በኬሚካል ያነሣል። የተጎዳጎደውን እንጨት በርጥብ ጨርቅና በትኩስ ብረት ያነፋል። ጠፈሩን ቆርጦ ይጥላል፤ ስንጥቁን በዘመናዊ ማጣበቂያ ይደፍናል። ከዚያ በአሸዋ ወረቀት ያለሰልሰውና በተልባ ዘይት ይቀባዋል። ውጤቱ ያማረ ነው፤ አልክድም። ዝገቱ የጸዳና መዝጊያው ጤነኛ የሆነ መውዜር ከእንጨቱ ግማሽ ኪሎ ያህል ወርዶለት ጥሩ የአጋዘን ጠመንጃ ይወጣዋል።

ለዚህ ሰው ምን እንመልስለት? አንዳንድ ባልደረቦቼ ቅርስ አጥፊ ይሉታል። እኔ በመቁረጡ አልከሰውም። እንዲህ ብከሰው የሽሮ ሜዳውን አያትና ያንን ስሙ ያልታወቀ ቀጥቃጭም መክሰስ ይኖርብኛል፤ ሦስቱም ያደረጉት አንድ ነው፤ ለሰው መግደያ የተሠራን ብረት ለራት ማግኛ አመቻቹት። ችግሩ አሸዋ ወረቀቱ ላይ ነው። የእኛ ባለሙያ ሲያድስ ከበፊቱ ሥራ ላይ ይጨምር ነበር፤ ከምስማሩ ቀዳዳ ላይ ብሎን፣ ከስንጥቁ ላይ ጠፈር። የፊተኛው እጅ ከኋለኛው ሥር ይታያል። አሸዋ ወረቀት ግን እንጨቱን ወደ ፋብሪካው ቀን ሊመልሰው ስለሚፈልግ በመካከል ያሉትን እጆች ሁሉ ይፍቃል። ከታጠበ በኋላ የሚቀረው የፈረንሳይ ወይም የጣሊያን ጠመንጃ ነው፤ ኢትዮጵያ ውስጥ የኖረው መቶ ዓመት እንደ ቆሻሻ ተቆጥሮ ይወርዳል።

በዚህ ዘመን በአገራችን ስለ ጠመንጃ በለሆሳስ ማውራት ለብዙዎቻችሁ እንደሚከብድ አውቃለሁ። በዚህ አዳራሽ ከተቀመጡት መካከል ዘመዱን በጥይት ያጣ ይኖራል። ከባልደረቦቼ አንዱ ይህን ርእስ ሲሰማ፣ ብረቱ ቀልጦ ማረሻ ቢሆን ይሻላል ብሎኛል። በብረቱ አልከራከረውም። ጠመንጃ በየቤቱ ይቀመጥ አላልኩም፤ ተኳሽ መሣሪያ ለሕግ የተተወ ነው። እኔ የምከራከረው ስለ እንጨቱ፣ ስለ ጠፈሩ፣ ስለ ባዶው ቀለህ፣ ማንንም ሊገድሉ ስለማይችሉት ቁርጥራጮች ነው። ብረቱ ቢቀልጥ እንኳ ከመቅለጡ በፊት አንድ ሰው መለኪያ ይዞ ሊቆምበት ይገባል።

ስለዚህ ለዚህ ዓመት የሦስተኛ ዓመት ተማሪዎቼ የሰጠሁት ሥራ ይህ ነው። አንድ ገጽ ወረቀት፤ ጠቅላላ ርዝመት፣ ክብደት፣ የእንጨቱ ዓይነት፣ የፋብሪካ ማኅተም ካለ ቅጂው፣ የተቆረጠበት ቦታና የጠርዙ ሁኔታ፣ የተለወጠ ማነጣጠሪያ፣ እያንዳንዱ ጥገና በየትኛው ላይ እንደተደረበ። በተኳሽ መሣሪያ ላይ እጃችሁን አታሳርፉም፤ የባለቤቱን ስም አትጽፉም፤ የምትጽፉት ባለቤቱ የሚያስታውሰውን ነው፤ ማን አደነበት፣ የት አደነበት። ከሁሉም በላይ ማን እንዳበጀው ጠይቁ፤ «አንድ ቀጥቃጭ» ካሏችሁ የየት አገር ቀጥቃጭ እንደሆነ፣ ልጆቹ የት እንዳሉ ጠይቁ። በእንጦጦ ግርጌ፣ ከሽሮ ሜዳ እስከ ቀጨኔ፣ የባለ እጆች ልጆች ዛሬም አሉ፤ የአባቶቻቸውን ሥራ እንዲነግሩን በአክብሮት የጠየቅናቸው ጥቂት ጊዜ ነው። እስካሁን አሥራ አንድ ወረቀት ተሞልቷል። በሦስቱ ላይ የባለሙያው ስም አለ።

 ጥያቄያችሁን እቀበላለሁ።